በማርያም ቀን የተተከሉ የካርቶን መቃብሮች

በ1997 መኸር ነበር፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። ስዊድን ውስጥ ሄሰልቢ ሰፈር ወደሚገኘው የረድፍ ቤት ከገባን ሰባት ወራችን ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ ስልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ሜሮን ደውላ፣ «እማዬ፣ ያ ረጅሙ መሰላል አለ?» አለችኝ። ለሃሎዊን የቤቷን በረንዳ ልታስጌጥ ነው። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። መሰላሉን ከምድር ቤት ሳወጣ አቧራውን እየጠረግኩ ብዙ ቆየሁ። ያ ዓርብ አንድ ባንድ መጣብኝ።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው አውቶቡስ ይነዳል፤ ተራው ብዙ ጊዜ የማታ ነው። አሥራ ሁለት ቤቶች አንድ ሰፊ ሣር ከብበው ቆመዋል። አሥራ አንዱ በራቸው ወደ ሣሩ ነው። የእኛ የመጨረሻው ስለሆነ ፊቱን ወደ እግር መንገዱና በርች ወደሚባሉት ባለ ነጭ ግንድ ዛፎች አዙሯል። ከደጃፋችን ትንሽ ሣር አለች፤ ዙሪያዋን ቁጥቋጦ አጥሯታል። ለዚያች ሣር እግዚአብሔርን ያመሰገንኩትን ያህል ለብዙ ትልልቅ ነገር አላመሰገንኩም። ከዚያ በፊት ቴንስታ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነበርን።

ሜሮን ስምንት ዓመቷ ነበር። ቴንስታ እያለን ቤት ውስጥ አትገኝም ነበር። ሄሰልቢ ከመጣን በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ትመለስና በደረጃው መስኮት ሌሎቹ ልጆች ሣሩ ላይ ሲጫወቱ ታያለች። «ሂጂና ተጫወቺ እንጂ» ስላት በስዊድንኛ፣ «አልጠሩኝም» ትለኛለች። ሰባት ወር ሙሉ መልሷ ይኸው ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀውም ይህንኑ ነበር፤ አንድ ልጅ በራችንን አንኳኩቶ እንዲጠራት።

ጥቅምት ሲገባ አንዲት ልጅ አንኳኩታ ጠራቻት።

ኤማ ትባላለች፤ የአኒካ ልጅ። አኒካ የግቢውን ጉዳይ ሁሉ የምታስተባብር፣ ቀይ የዝናብ ካፖርት የምትለብስ ፈጣን ሴት ነበረች። ሃሎዊን፣ ሰው ሰይጣንና አጽም እየመሰለ የሚጫወትበት በዓል፣ ያኔ ለስዊድኖቹም አዲስ ነው። ሱቆቹ ብርቱካናማ ዱባ በር ላይ መደርደር ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው፤ እኔ የምሠራበት ቤት ያሉት አረጋውያን «የአሜሪካኖች ነገር» እያሉ ያሾፉ ነበር። አኒካ ግን ግቢውን በሙሉ ለማስጌጥ ቆርጣለች። እያንዳንዱ ልጅ ከካርቶን አንድ የመቃብር ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዮቹ ሣሩ ላይ ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ሻማ ይበራል። ዓርብ ማታ ልጆቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ ይለምናሉ።

ሜሮን ሦስት ቀን ሙሉ በካርቶኗ ላይ ተደፍታ ሰነበተች። ግራጫ ቀባችው፤ ጥግ ላይ ሸረሪት ሣለች። ጽሑፉን በስዊድንኛ ጻፈችና አነበበችልኝ፤ «እዚህ የተኛው ሰው ያንኮራፋል። አትቀስቅሱት።» ሳላስበው ሳቅኩ።

ነገር ግን ዓርቡ የጥቅምት ሃያ አንድ ማርያም ነበረች። ጊዜውም የጽጌ ጾም ነው። የማኅበራችን ተራ ደግሞ በዚያ ወር የእኔ ነበር። ከቴንስታም ከሶልናም ዘጠኝ ሴቶች ይመጣሉ፤ ጸሎት ይደረሳል፤ ይበላል። ስለዚህ ሜሮንን ቁጭ አድርጌ ነገርኳት።

«በግቢው ሣር ላይ ከሌሎቹ ጋር ይሁንልሽ። በእኛ ደጅ ግን አይሆንም። በማርያም ቀን በሬ ላይ መቃብር አልተክልም።»

«እሺ» አለች። ደስታዋ ትልቅ ስለነበር አልተከራከረችኝም። ለአኒካም እንዲሁ አልኳት። እሷም «ይገባኛል» አለች።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አኒካ ለሙከራ ሁለት ድንጋይ ተክላ አገኘሁ። ሣሩ መካከል ላይ፣ ልክ በጎረቤታችን በወይዘሮ ማርጋሬታ መስኮት ትይዩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ጥሩ ነው። የማርጋሬታ መጋረጃ ግን ተዘግቷል።

ባለቤታቸው ቤርቲል በሚያዝያ ነው የሞቱት። መጋቢት ላይ ዕቃ ስናወርድ ሳንጠራቸው መጥተው የሶፋችንን አንድ ጫፍ የያዙ ሰው ናቸው። ከወር በኋላ ሬሳቸው ከዚያ ቤት ሲወጣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ለቅሶ ለመድረስ አስቤ ነበር። «እዚህ አገር ሳይጠሩ አይኬድም፤ ሰው ለብቻው ማዘን ይፈልጋል» አሉኝ የሥራ ጓደኞቼ። ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማፈር መጣ። ማርጋሬታን ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር።

ሁለቱ ድንጋዮች አጠገብ ቆሜ እናቴን አሰብኩ። ጉለሌ ሳለን የታላቅ እህቴ ሠርግ በደረሰ ጊዜ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤት ወንድ ልጃቸው ሞቶ ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቴ ጠላ ሳትጠምቅ፣ ጠሪ ሳትልክ፣ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄደች። ገብታ ተቀመጠች። ዝም ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ «ከበሮ ልንመታ ነው፤ ይፍቀዱልን» አለች። ሴትየዋ አልቻሉም። «አልችልም የኔ እመቤት» አሉ። እናቴ አልተቀየመችም። ድንኳኑ አጎቴ ግቢ ተተከለ። ሐዘንተኛ ከተጠየቀ በኋላ መልሱ ይከበራል፤ እንዳይከለክልህ ፈርተህ ሳትጠይቅ ማለፍ ግን ነውር ነው።

ሐሙስ ከሥራ መልስ፣ ለማኅበሩ ከጋገርኩት አምባሻ አንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ማርጋሬታ በር ላይ ቆምኩ። አስቀድሜ አልደወልኩም፤ ስልካቸውንም አላውቅም።

በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ምን ተፈጠረ?» አሉ።

በስዊድንኛ «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ እዚህ ሁሉም እንደዚያ ነው። በልቤ ግን አንቱ ነበሩ።

«ባልሽ ስለሞቱ ነው የመጣሁት» አልኩ። ስዊድንኛዬ ያኔ ከዚህ በላይ አያስኬደኝም።

«ቤርቲል የሞተው በሚያዝያ ነው።»

«አውቃለሁ። ያኔ መምጣት ነበረብኝ። አልመጣሁም።»

ከዚያ በሩን ከፈቱ።

ተቀመጥኩ። እንደ እናቴ ዝም አልኩ። ማርጋሬታ ቡና ላፍላ አሉ፤ «አልፈልግም» አልኩ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ እሳቸውም ዝም አሉ። የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። ቤቱ የተቀቀለ ዓሣ ይሸታል፤ ኮሪደሩ ላይ የወንድ ቦት ጫማ ከነጭቃው ቆሟል። ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። በመጨረሻ ማርጋሬታ በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉና «እንደዚህ የተቀመጠ ሰው የለም» አሉ።

ያን ጊዜ ጠየቅኩ። «ልጆቹ መስኮትሽ ፊት ለፊት የመቃብር ድንጋይ ሊተክሉ ነው። ካርቶን ነው። የእኔም ልጅ ሠርታለች። ትፈቅጃለሽ?»

«አኒካም ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝታ ጠይቃኛለች።»

«ምን አልሻት?»

«ግድ የለም አልኳት። በቆመበት ለሚጠይቅ ሰው ግድ የለም ነው የሚባለው።» ወደተዘጋው መጋረጃ አዩ። «አንቺ ግን ተቀምጠሽ ጠየቅሽኝ። አልፈልግም። ካርቶን መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጆቹንም እወዳለሁ። ግን ጠዋት መጋረጃ ስገልጥ እሱን ማየት አልችልም።»

«እሺ» አልኩና ተነሣሁ። አምባሻውን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት።

እስከ አኒካ በር ያለው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ስሄድ የማስበው ስለ ማርጋሬታ አልነበረም፤ ስለ ሜሮን ነበር። ሰባት ወር ጠብቃ ያገኘችውን ነገር ላፈርስባት ነው። ነገ ልጆቹ «የእሷ እናት ናት ያስቀረችብን» ይላሉ። ግን ጠይቄያለሁ፤ መልስም ተሰጥቶኛል። ከዚያ ወዲያ መንገድ አልነበረኝም።

አኒካ ዱባ እየፈለፈለች አገኘኋት። ነገርኳት።

«ለእኔ ግድ የለም ብላኝ ነበር» አለች።

«ለእኔ አልፈልግም አለችኝ።»

«ካርቶን እኮ ነው።»

«እሷም ካርቶን ነው አለች። ግን አልፈልግም አለች።»

አኒካ ማንኪያውን አስቀመጠች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ፊቷ ቀላ። «ታዲያ የት? አሥራ ዘጠኝ ድንጋይ ነው። የሁላችንም ደጅ ከእሷ መስኮት ይታያል። የብስክሌት ማቆሚያው ደግሞ አስፋልት ነው።»

ቀጥሎ የምትለውን አወቅኩ። እሷም ማወቄን አወቀች፤ ስለዚህ ሳትለው ቀረች። ከማርጋሬታ መስኮት የማይታይ አንድ ሣር ብቻ አለ።

«አንቺ ግን አይሆንም ብለሻል» አለች በቀስታ።

እመቤቴ ሆይ፣ ልቤን ታውቂዋለሽ አልኩ በሆዴ።

«ይሆናል» አልኳት። «ሰይጣን አይገባም፤ አጽምም አይገባም። ድንጋዮቹና ሻማው ይምጡ።»

ከዚያ ባልዲው ውስጥ ያለውን የተፈለፈለ ዱባ አየሁ። «ይሄ ሊጣል ነው?»

«አዎ። ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ነገ እንግዳ አለብኝ» አልኩና ባልዲውን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ሜሮን አስቀድማ ሰምታለች፤ ኤማ ሮጣ ነግራታለች። ያልሰማችው ግማሹን ነው። ደረጃው ላይ ካርቶኗን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ሁልጊዜ የእኛ ቤት ብቻ ነው» አለችኝ። «ሁልጊዜ የእኛ ቤት ብቻ አይሆንም ይላል።»

«ድንጋዩ ይተከላል።»

«የት?»

«እዚህ። በራችን ላይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አይቻልም ብለሽ ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር። መዶሻ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ዓርብ የዕረፍት ቀን ወስጄ ነበር፤ ለማኅበሩ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ምስሩንና ጎመኑን ጣድኩ። የዱባው ወጥ አስቸገረኝ። ለጌጥ የሚሸጠው ዱባ ውሃ ነው፤ ብታንተከትከው አይጠነክርም። ሽንኩርትና በርበሬ ጨመርኩበት፤ ጸለይኩበትም ማለት እችላለሁ።

ከሰዓት ልጆቹ ድንጋዮቻቸውን ይዘው መጡ። ያካፋል፤ ነፋስም አለ። አኒካ በሽቦ ልትተክላቸው ሞከረች። አንዱ ሲቆም ሌላው ይወድቃል። አንድ ልጅ «በቃ እንተወው» አለ። ሜሮን እኔን አየችኝ። የድስቱን እሳት ቀንሼ ወጣሁ። ሰኔ ላይ ለቲማቲም ያዘጋጀሁት ችካል ነበረኝ። በመዶሻ አንድ ባንድ መሬት ውስጥ አስገባሁት። አባቴ አጥር ሲያስር እንዳየሁት እያንዳንዱን ካርቶን ላይና ታች በሲባጎ አሰርኩት። እጄ ደነዘዘ፤ ጫማዬ የበሰበሰ ቅጠል ለበሰ። ጭንቅላቴ ላይ ሻሽ፣ ወገቤ ላይ ሽርጥ፣ አሥራ ዘጠኝ መቃብር። የሜሮንን ከደረጃው አጠገብ ተከልኩት፤ የሚገባው ሁሉ መጀመሪያ እሱን እንዲያይ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጨለመ። አኒካ ስዊድኖች መቃብር ላይ የሚያበሩትን ሻማ በየድንጋዩ ሥር አቆመች። እጄን ታጥቤ ነጠላዬን ለበስኩና ወደ ወጤ ተመለስኩ።

ለማኅበሩ ሴቶች መንገር ረስቼ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከውጭ ዋይታ ሰማሁ። ጭልፋ እንደያዝኩ በሩን ከፈትኩ። ዘጠኙም ሴቶች መንገዱ ላይ ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከፊት የማኅበራችን ትልቅ እማማ በላይነሽ ደረታቸውን ይዘዋል።

«ማን ነው?» አሉኝ። «አትደብቂን ቅድስት። ጌታቸው ነው?»

«ጌታቸው ሥራ ላይ ነው እማማ። ማንም አልሞተም።»

«ልጅቷስ?»

ሜሮን ከአንድ ድንጋይ ጀርባ ብቅ ብላ «ሄይ» አለች። እማማ በላይነሽ ወደ ኋላ ሊወድቁ ደረሱ፤ ሁለት ሴቶች ደገፏቸው።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ መቃብር የማን ነው?»

«የልጆች ጨዋታ ነው። ካርቶን ነው።»

«ጨዋታ?» ነጠላቸውን ለቀቅ አደረጉ። «በማርያም ቀን? አንቺ ደጅ? ቅድስት ቤት ብለን አይደለም እንዴ የመጣነው።»

አንዷ ከኋላ፣ «እኔማ ከባቡር ጣቢያው ጀምሬ ነው ያለቀስኩት» አለች። ሌላዋ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እማማ አልሳቁም።

እዚያው ቆመን ነገርኳቸው። ስለ ቤርቲል፣ ስለ መጋረጃው፣ ለምን እዚህ እንደተተከለ። ረጅም አልነበረም።

እማማ በላይነሽ እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ስድስት ወር ሙሉ ለቅሶ የደረሳት የለም?» አሉ።

«እኔም እስከ ትናንት አልሄድኩም።»

«ቤቷ የትኛው ነው?»

«ከቤታችን ጀርባ፣ ከሣሩ ማዶ፣ አንድ መብራት የበራበት።»

እማማ ሴቶቹን ዞረው አዩ። «ነጠላችን እንደሆነ ተዘቅዝቋል» አሉ። «እንሂድ። ማርያም ትቆየናለች፤ እሷም ሐዘን ታውቃለች።»

ማርጋሬታ በሩን ሲከፍቱ ዐሥር ሴት በነጭ ቆመናል። ምን እንዳሰቡ እግዚአብሔር ይወቅ። «ጓደኞቼ ናቸው። ስለ ቤርቲል ነው የመጡት» አልኩ። ገባን። ወንበር አልበቃንም፤ ወጣቶቹ መሬት ላይ ተቀመጥን። እማማ በላይነሽ ስዊድንኛ አይችሉም። የማርጋሬታን እጅ ያዙና «እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ» አሉ። ሁለቱም ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው። ማርጋሬታ ትርጉሙን አልጠየቁኝም። ፎቶ አመጡ፤ ቤርቲል ጀልባ ላይ፣ ቤርቲል ወታደር ሳሉ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዷ «መልከ መልካም ነበር» ስትል ተረጎምኩላቸው፤ «አዎ፣ እሱም ያውቀው ነበር» አሉ።

ስንወጣ ካፖርታቸውን ለብሰው ተከተሉን። ደጃችን ስንደርስ ከአሥራ አምስት የማያንሱ ልጆች ሻማዎቹ መካከል ቆመዋል። ከሌላ ግቢ የመጡም አሉ። ሜሮን የጌታቸውን የእጅ ባትሪ ይዛ በየድንጋዩ ላይ እያበራች ትመራቸዋለች። የራሷ ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ልጆቹ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ኤማ ከሁሉም አብልጣ። «አትቀስቅሱት እኮ አልኩ» ትላለች ልጄ፣ እንደ አስተማሪ። ያን ድምፅ ሄሰልቢ ከገባን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ምን ይላል ጽሑፉ?» አሉ እማማ በላይነሽ።

ሜሮን ራሷ በአማርኛ ነገረቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው እየለበሱ ነበር። «ጌታቸው ነው በይኛ» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ጸሎቱ ደረሰ፤ ተበላ። ማርጋሬታ ዱባውን በማንኪያ በሉት። እማማ በላይነሽ «ወጡ ቀጥኗል» አሉኝ።

ሰዎች ስለ እምነት ሲጠይቁኝ ብዙ መናገር አልችልም። ደጄን በማርያም ቀን ንጹሕ ላደርግ አቅጄ ነበር፤ እሷ ግን በመቃብር መካከል አሳልፋ እንግዳ ሰደደችልኝ። ማርጋሬታ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሲቀበሩ ከማኅበሩ ሴቶች ገና በሕይወት የነበርነው ሁሉ ሄደናል። ሜሮን መሰላሉን ወስዳለች። ዛሬም ጎረቤት ሳታስፈቅድ የምትተክለው ነገር የለም። እመቤቴን አመሰግናለሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

የዚያ ዓርብ ማግስት ቅዳሜ ስዊድኖች እውነተኛ መቃብር የሚጎበኙበት ቀን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ሰው ወደ መቃብር ቦታው መሄድ ሳይጀምር ወጣሁና ድንጋዮቹን አንድ ባንድ ነቀልኩ። ሲባጎውን ፈታሁ፤ ችካሉን ሰበሰብኩ። የሌሎቹን ልጆች በየደጃቸው አስቀመጥኩላቸው። የሜሮን ካርቶን ውሃ ጠጥቶ ላልቷል፤ የሸረሪቷ ቀለም ፈስሷል። ወደ ቤት አስገባሁት። ከሥዕለ ማርያም በታች ያለው ማሞቂያ ላይ ፎጣ አንጥፌ አስተኛሁት፤ ሜሮን እስክትነሣም እንዳይጣመም እያገላበጥኩ አደረቅኩት።